ሙሴ ወልደየስና የዓሣ ሻጯ ልጅ

ወልደየስን የሚያውቅ የአምስተርዳም ሐበሻ ሁሉ፣ በፈረንሳይኛ «መሲዩ» ለማለት፣ «ሙሴ» እያለ ነው የሚጠራው። እሱም አይከፋውም። እንዲያውም ሰው ተሳስቶ «አቶ ወልደየስ» ያለው እንደሆነ፣ የተጠራው ሌላ ሰው ይመስል ትንሽ ቆይቶ ነው የሚዞረው። ድሬዳዋ ተወልዶ በምድር ባቡር ግቢ ያደገ ሰው ነው፤ ጣቢያው ውስጥም ስድስት ዓመት ትኬት ቆርጧል። ያኔ የባቡሩ ደብዳቤ፣ የጭነቱ ወረቀት፣ የአለቃው ስድብ ሳይቀር በፈረንሳይኛ ነበር። ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ሲል ሆላንድ ሲገባ ከአንድ ሻንጣና ከፈረንሳይኛው በቀር የያዘው ነገር አልነበረም። ሻንጣውን ስደተኞች ካምፕ ውስጥ ሰረቁት። ፈረንሳይኛው ቀረ።

ፈረንሳይኛ ይዞ ሆላንድ መውረድ፣ ለወልደየስ፣ ክራቫት አስሮ ማሳ እንደ መግባት ነበር። ይህንን ሠላሳ ዓመት ሙሉ ይቅር አላለም። ክርስትናም ይሁን ምርቃት፣ ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ የአውሮፓን ቋንቋዎች በየማዕረጋቸው ያስቀምጣቸዋል። «ፈረንሳይኛ የቤተ መንግሥት ነው» ይላል፤ «ስድቡ እንኳ ሽቶ ሽቶ ይላል። ጣልያንኛ ለዘፈንና ለጋራዥ ይሆናል፤ ጎሚስታና ካምቢዮ ከየት መጣና? እንግሊዝኛ ነጋዴ ነው፣ ለሁሉም ይስቃል። ጀርመንኛ ግን አድካሚ ነው፤ ሰውዬው ተናግሮ ተናግሮ፣ ምን እንዳደረገ የሚነግርህ መጨረሻ ላይ ነው።»

«የኛስ ግሥ መጨረሻ ላይ አይደለም እንዴ ሙሴ?» ብሎ አንዱ ጠይቆት ያውቃል።

«የኛ ሌላ ነው» አለ ወልደየስ።

«ደችስ?» ሲሉት ይህን ጥያቄ ሲጠብቅ እንደቆየ ሰው ፈገግ ይላል። «ደች ቋንቋ አይደለም፤ የጉሮሮ ሕመም ነው።» ሰዉ ይስቃል፤ እሱም የሆላንድን ጉዳይ ለዕለቱ ይዘጋል።

እንጀራውን የሚያገኘው አምስተርዳም ማዕከላዊ ጣቢያ አጠገብ ካለ ሆቴል፣ ቁርስ በማቅረብ ነው። ጠዋት ጠዋት ከፈረንሳይ የመጡ እንግዶችን ከአነጋገራቸው ለይቶ፣ ወገቡን ቀና አድርጎ «ቦንዡር ማዳም፣ ቦንዡር መሲዩ» ይላቸዋል። እነሱም ፈገግ ይሉና በእንግሊዝኛ «ጉድ ሞርኒንግ! ኮፊ፣ ፕሊስ» ይሉታል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ነው። ማታ ቤት ሲገባ ለባለቤቱ ለአበባይሽ ይነግራታል።

«የገጠር ሰዎች ናቸው።»

«ከየት የመጡ?»

«ከፓሪስ።»

አበባይሽ የቋንቋ ማዕረግ የሚባል ነገር አታውቅም። ኦስዶርፕ ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ሃያ ዓመት ሽማግሌ ስታጥብና ስታለብስ ኖራለች፤ ለእሷ ቋንቋ ማለት ሰው የት ላይ እንዳመመው የሚናገርበት ነገር ነው። ደቿ የሰፈር ደች ነው፤ ፈጣንና ሳቅ የበዛበት። የግብሩን፣ የኪራዩን፣ የኢንሹራንሱን ደብዳቤ የምታነብ እሷ ናት። ወልደየስ ፖስታውን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ «እስቲ ይሄ ጉሮሮ ምን እንደሚል እይልኝ» ይላታል።

ልጃቸው ሳያት ሮተርዳም፣ አንድ የመርከብ ጭነት ኩባንያ ውስጥ ትሠራለች። አፏን የፈታችው በደች ነው ማለት ይቻላል፤ አማርኛዋ ላይ «እርስዎ» የሚባል ነገር የለም። አባቷን ደች እንዲማር ልትመክረው ሞክራ ነበር፤ ግን ሳታስበው እሱን የሚጠቅም ወሬ አመጣች።

«ባባ፣ ኦፊሳችን ውስጥ እኮ ሁሉም በእንግሊዝኛ ነው። ሁለት ደቾች ጎን ለጎን ተቀምጠው በእንግሊዝኛ ኢሜይል ይጻጻፋሉ።»

«አየሽ!» አለ ወልደየስ ወደ አበባይሽ ዞሮ። «ባለቤቶቹ የጣሉትን እኔ ላንሳ?»

አንድ ማክሰኞ አበባይሽ ከሥራ ተመልሳ ካፖርቷን እንኳ ሳታወልቅ «ወልዴ፣ ያ ፈረንሳይኛህ ሥራ ሊያገኝ ነው» አለችው።

መጦሪያው ውስጥ ከዴን ሃግ የመጡ የዘጠና አንድ ዓመት ወይዘሮ ነበሩ። ባላቸው ዲፕሎማት ስለነበሩ ብራስልስም ጄኔቭም ኖረዋል። የመርሳት በሽታው እየገፋ ሲሄድ በደች ሲያናግሯቸው መልስ መስጠት ትተዋል፤ የሚናገሩት ፈረንሳይኛ ብቻ ሆኗል። ከሠራተኛው መካከል የሚሰማቸው የለም። ልጃቸው፣ አምስተርዳም ውስጥ ጠበቃ የሆነ ሰው፣ ፈረንሳይኛ የሚችል በጎ ፈቃደኛ እንዲፈለግ ጠይቋል።

«ስማቸው ማነው?»

«ሜቭራው ዱ ቦስኬ» አለች፣ በደች ወይዘሮ ማለቷ ነው። «ዣክሊን ዱ ቦስኬ።»

ወልደየስ ከወንበሩ ተነሣ። «ዱ ቦስኬ? እዚህ ኦስዶርፕ ውስጥ?» አላት፤ ዕንቁ ከመንገድ ዳር ያገኘ ሰው ይመስል።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ የሠርጉን ልብስ ለብሶ፣ ክራቫት አስሮ፣ ጫማውን ሁለት ጊዜ ወልውሎ ሄደ። ወይዘሮዋ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠዋል፤ ነጭ ጸጉራቸው ተበጥሯል፣ አንገታቸው ላይ የሐር ሻርፕ አለ።

«ቦንዡር ማዳም።»

«ቦንዡር መሲዩ» አሉት።

በእንግሊዝኛ አልነበረም። ስለ ቡናም አልነበረም። ወልደየስ ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«ፈረንሳይኛዎን የት ነው የተማሩት?» ሲሉ ጠየቁት።

«ባቡር ጣቢያ ነው፣ ማዳም።»

«ያስታውቃል። ሲናገሩ ባቡር ሊያመልጥዎ የደረሰ ይመስላል።»

ሌላ ሰው ቢሆን ይቀየም ነበር። ወልደየስ ግን እንደዚህ ባለ ሰው መሰደብን ከሹመት ቆጠረው። ከዚያ በኋላ በሳምንት ሁለት ቀን ይሄዳል። ጋዜጣ ያነብላቸዋል፤ እሳቸው ደግሞ አነጋገሩን ያርሙታል። ልጃቸው ሜኔር (አቶ) ዱ ቦስኬ ሲመጣ ለወልደየስ በእንግሊዝኛ ምስጋና ያቀርባል። «የእናቴ ቋንቋ ነው» ይላል፤ «ቤታችን ውስጥ ሁልጊዜ ፈረንሳይኛ ነበር የሚነገረው።» ወልደየስም ክርስትና ቤት ውስጥ «ትናንት እኔና ማዳም ዱ ቦስኬ ስንጨዋወት» ብሎ የሚጀምረው ነገር በዛ።

ጥር ላይ ወይዘሮዋን ሳንባ ምች ይዟቸው ሁለት ሳምንት ሆስፒታል ተኙ። ሰውነታቸው ተመለሰ፤ ፈረንሳይኛቸው ግን እዚያው ቀረ።

ወልደየስ ክራቫቱን አስተካክሎ ገባና «ቦንዡር ማዳም» አለ። ወይዘሮዋ ቀና ብለው አዩት። ከዚያም ሰምቶት በማያውቀው ወፍራም ድምፅ፣ ገበያ መሐል ሰው እንደሚጣራ ሆነው ጮኹበት። አልጋ ታነጥፍ የነበረችው አበባይሽ ደንግጣ ቆመች።

«ምን አሉ?» አላት።

«በሩን ዝጋ፣ ነፋስ ይገባል ነው መሰለኝ። ግን… ደች ሆኖ ደች አይደለም።»

ምሳ ሊያደርስ የመጣው የወጥ ቤት ሠራተኛ ሳቁን መያዝ አቃተው። እሱ የዴን ሃግ ልጅ ነው። ይሄ የስኼፈኒንገን ዓሣ አጥማጆች አነጋገር ነው አላቸው፤ ከዴን ሃግ ጥግ፣ ባሕሩ ዳር ያለው ሰፈር ማለቱ ነው። አያቱ እንዲህ ትናገር እንደነበርና እንደዚህ አድርጎ የሚሳደብ ሰው ከሰማ ብዙ ዓመቱ እንደሆነ ነገራቸው።

ነገሩ ቀስ በቀስ ወጣ። ዣክሊን ዱ ቦስኬ ዱሮ ኮባ ፕሮንክ ነበሩ። ኮባ፣ ያኮባ ማለት ነው። አባታቸው ዓሣ አጥማጅ፣ እናታቸው የዴን ሃግን ሀብታሞች በር እያንኳኳች ዓሣ የምትሸጥ ሴት ነበረች። ከእነዚያ በሮች ከአንዱ ኋላ የዱ ቦስኬ ቤተሰብ ይኖር ነበር። ኮባ ልጃቸውን አገባች፤ ስሟ ወደ ዣክሊን ተለወጠ፣ አንደበቷም ፈረንሳይኛ ለበሰ። ይህንን ሁሉ ወልደየስ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው አገጣጥሞ የተረዳው። በዚያ ሳምንት ከሠራተኞቹ የሰማው የዱሮ ስማቸውንና የዓሣ ሻጭ ልጅ መሆናቸውን ብቻ ነው፤ ልጃቸው ግን ይህንንም አላመነም።

«እናቴ ግራ ገብቷት ነው» አለው ሜኔር ዱ ቦስኬ በእንግሊዝኛ፣ ፊቱ ቀልቶ። «እባክዎን በፈረንሳይኛ ይቀጥሉ። ይመለስላታል።»

ወልደየስ ቤቱ ገብቶ ክራቫቱን ከአንገቱ መነጨቀው።

«ተታለልኩ!»

«ማን አታለለህ?» አለች አበባይሽ።

«የዓሣ ሻጭ ልጅ ናት!»

«ታዲያ አንተ የሚኒስትር ልጅ ነህ?» ድንች መላጧን ሳታቋርጥ ቀጠለች። «ደግሞ ከሄድክ በኋላ ስትጠይቅህ ነው የዋለችው። ልጁ የት ሄደ፣ ልጁ የት ሄደ ትላለች። ወንድሟ መስለሃታል። አሪ የሚባል፣ ባሕር ወጥቶ ያልተመለሰ ወንድም ነበራት አሉ።»

«እኔ? የሆላንድ ዓሣ አጥማጅ?»

«ባሕር ላይ ፀሐይ አጥቁሮት ነው ብላ አስረድታናለች።»

ዓርብ ላለመሄድ አስቦ ነበር፤ ግን እግሩ ወሰደው። ክራቫት አላሰረም። ኮባ እንዳየችው እጁን ይዛ አስቀመጠችው፤ ከፊቷ ያለውን ዳቦ ለሁለት ገምሳ ትልቁን ግማሽ መዳፉ ላይ አኖረች። አንድ ነገር ደጋግማ ጠየቀችው። ወልደየስ ከቃሉ አንዱንም አልሰማም፤ ጥያቄው ግን ገባው። በልተሃል ወይ ነው። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ በልቡ «እሳቸው» ማለቱን ተወ።

ዳቦውን ይዞ ተቀምጦ ሳለ ሃምሳ ዓመት ገደማ ያልጠራው ነገር መጣበት። እናቱ ጉራጌ ነበረች፤ ከቸሃ። አንድ ቀን ምሳውን ረስቶ ቢወጣ፣ ሰሃኑን በጨርቅ ቋጥራ ጣቢያው በር ድረስ መጣች። እሱ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነው፤ ከባቡር ሹማምንት ልጆች ጋር ቆሟል። ከሩቅ በጉራጊኛ ጠራችው። ልጆቹ «ማናት?» ሲሉት «ኮኔ ፓ» አለ፤ አላውቃትም ማለቱ ነው። እናቱ ፈረንሳይኛ አታውቅም ነበር፤ ግን ገባት። ሰሃኑን ለዘበኛው ሰጥታ ሄደች። ከዚያ ቀን ወዲህ፣ እስክትሞት ድረስ፣ በተሰባበረ አማርኛዋ እንጂ በራሷ ቋንቋ አናግራው አታውቅም።

ወልደየስ ዳቦውን በላ። ኮባ እያየችው ጨረሰው።

ቅዳሜ ማለዳ በባቡር ዴን ሃግ ሄደ፤ ከዚያ በትራም ባሕሩ ዳር ወረደ። ነፋሱ ኮፍያውን ሊወስድበት ይታገላል። አንድ ዓሣ መሸጫ አጠገብ ቆሞ፣ በሠላሳ ዓመት ውስጥ በግድ የሰማውን ደች ለቃቅሞ ሻጩን አናገረው። ሰውዬው ወዲያው በእንግሊዝኛ መለሰለት።

«እንግሊዝኛ አልፈልግም» አለ ወልደየስ። «አያትህ ስትናገር እንደነበረው አናግረኝ።»

ሻጩ የተከለከለ ዕቃ የተጠየቀ ያህል ግራና ቀኙን አየ። «አያቴ? ያ እኮ ቋንቋ አይደለም» አለው።

ወልደየስ ይህንን አነጋገር የት እንደሰማው ያውቃል። ከራሱ አፍ ነው።

ከኋላ ሆና ዓሣ ትጠርግ የነበረችው የሻጩ እናት ቢላዋዋን አስቀምጣ ወጣች። ማን እንደላከው ጠየቀችው፤ ነገራት። ኮባ ፕሮንክ ስትባል ፊቷ ተለወጠ፤ የፕሮንክን ቤት እናቷ ታውቅ ነበር። በርሜል ላይ አስቀምጣው ታስተምረው ጀመር፦ መረቡ ምን ይባላል፣ ነፋሱ ምን ይባላል፣ ልጅ እንዴት ይጠራል፣ ሰካራም ባል እንዴት ይሰደባል። ወልደየስ ቃሉን ሁሉ በፊደል ይጽፋል። ለዚያ ለጉሮሮ ድምፅ ደግሞ «ኸ» የምትባል ፊደል አለችው፤ ከሌላ ቦታ መበደር አላስፈለገውም። ሴትዮዋ የሰፈሩን ስም እንዲጠራ ብታዘው «ስኼፈኒንገን» አለ፣ አንድ ጊዜ፣ ጥርት አድርጎ።

ሴትዮዋ አጨበጨበች። «ጎረቤቶቻችን ጀርመኖች እንኳ ይሄንን አይችሉም! ከየት አመጣኸው?»

«በእናቴ ቋንቋ ውስጥ አለ» አለ ወልደየስ። ለማንም እንዲህ ብሎ አያውቅም ነበር።

እስከ ሰኔ ድረስ እንዲህ ሆነ። ቅዳሜ ባሕር ዳር ይማራል፤ ማክሰኞና ዓርብ ኮባ ዘንድ ይጨዋወታል። ኮባ አታርመውም። ሲሳሳት ባሕር ላይ ብዙ ስለቆየህ ነው ትለዋለች። ስለ ጀልባ፣ ስለ እናቷ ቅርጫት፣ የዓሣ ሽታ ከእጅ እንዴት እንደሚለቅ ያወራሉ። አንድ ቀን ሜኔር ዱ ቦስኬ ሲመጣ ሁለቱ በሳቅ ሲፈርሱ ደረሰ። በሩ ላይ ቆሞ ጥቂት ሰማ። ሳይገባ ተመልሶ ሄደ።

ኮባ ሰኔ አጋማሽ ላይ ተኝታ ሳለች ዐረፈች። የቀብሩ ጥሪ በፈረንሳይኛ ታትሞ መጣ፤ ዣክሊን ይላል እንጂ ኮባ አይልም። ልጇም ደውሎ ወልደየስን ጥቂት ቃል እንዲናገር ጠየቀው። «በፈረንሳይኛ ቢሆን» አለ።

ዴን ሃግ፣ መቃብሩ አጠገብ ባለው ትንሽ አዳራሽ ውስጥ ሃያ የሚሆን ሰው ተሰብስቧል፤ አብዛኛው ጥቁር ካፖርት የለበሰ የጨዋ ቤተሰብ ነው። ኋላ ወንበር ላይ ግን ከባሕሩ ዳር ሰፈር የመጡ አንድ ሽማግሌ ብቻቸውን ተቀምጠዋል፤ እጃቸው ሰፊ፣ ኮታቸው የውሰት የሚመስል። ወልደየስ ወጣ። ኪሱ ውስጥ ሦስት ሌሊት የለፋበት የፈረንሳይኛ ንግግር አለ፤ እንደዚያ ያለ ፈረንሳይኛ በሕይወቱ ጽፎ አያውቅም። ወረቀቱን አወጣ፤ ሳጥኑን አየ፤ ወረቀቱን መልሶ አጠፈው።

«ኮባ» አለ በስኼፈኒንገን አነጋገር። «ጀልባዎቹ ገብተዋል። አሪም ገብቷል። በልቷል። በሩን ዝጊና ተኚ።»

ከኋላ ሽማግሌው ሳቅም ለቅሶም ያልሆነ ድምፅ አወጡ። ከፊት የተቀመጡት ደቾች እርስ በርስ ተያዩ። ወልደየስ ወርዶ አበባይሽ አጠገብ ተቀመጠ።

ሲበተኑ ሜኔር ዱ ቦስኬ ወደ እሱ መጣ። የሚቆጣ መስሎት ነበር። ሰውዬው ግን ለመጀመሪያ ጊዜ በደች አናገረው።

«አያቴ ቤታችን የምትገባው በጓዳ በር ነበር» አለ። «አንድ ቀን የእሷን ቃል ስናገር እናቴ በጥፊ መታችኝ። ስድስት ዓመቴ ነበር።» ወደ ወልደየስ ጠጋ አለ። «በሩን ዝጊ ያልካት… እስቲ ድገምልኝ።»

ወልደየስ ደገመለት። ጠበቃው ሊለው ሞከረ፤ አልሆነለትም። እንደገና ሞከረ። ወልደየስ ሁለት ጊዜ አረመው።

ከዚያ ወዲህ የወልደየስ ኑሮ ትንሽ ተበላሸ፤ ትንሽም ተሻሻለ። ኸሜንቴ፣ ማዘጋጃ ቤቱ ማለት ነው፣ ፓስፖርት ሊያሳድስ ሄዶ ደቹን ሲጀምር ሠራተኛዋ እንግሊዝኛዋን ለመጀመር የከፈተችው አፍ ክፍቱን ቀረ። ባልደረባዋን ጠርታ አሰማቻት። እንግሊዝኛ የሚመልስለት ሰው ጠፋ። በምትኩ ሰዎች ይስቃሉ፤ ከየትኛው ጀልባ ወረድክ ይሉታል። ሳያት የሮተርዳም ኦፊሷ ለቤተሰብ በሩን የከፈተ ቀን ከአለቃዋ ጋር አስተዋወቀችው። አለቃው ሃያ ደቂቃ ይዞት ሳቀ። ሳያት ጎትታ ወሰደችው።

«ባባ፣ ፕሊስ፣ እዚህ እንግሊዝኛ ተናገር። ሰው ፊት እንደ ዓሣ አጥማጅ…»

አባቷ አያት። ጣቢያው በር ላይ በጨርቅ የተቋጠረው ሰሃን ትዝ አለው።

የሐበሾቹ ማኅበር ውስጥ ደግሞ አዲስ ማዕረግ ማውጣት ጀምሯል ብለው ይከሱታል። የአምስተርዳም ደች የደላላ ነው፣ የሮተርዳም የወደብ ጫኝ ነው፣ እውነተኛው ደች ባሕር ዳር ነው ይላል አሉ። አበባይሽ ይህንን ስትሰማ ዓይኗን ወደ ጣሪያው ታነሣለች።

ባለፈው ሳምንት መጦሪያው እንደገና ደውሎለት ነበር። ከግሮኒንገን፣ ከሰሜኑ ገጠር፣ አንድ የሰማንያ ስምንት ዓመት ገበሬ መጥተዋል፤ የሚሉትን ማንም አይሰማም። «እኔ እኮ የባሕር ሰው ነኝ፤ የገበሬ አነጋገር አላውቅም» ብሎ ትንሽ ተኮፈሰ። ከዚያ ማክሰኞ ሄደ። ሽማግሌው መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው ዝናቡን ያያሉ። ወልደየስ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ሽማግሌው አንድ ረጅም ነገር ተናገሩ።

«አልሰማሁም፤ ቀስ ብለው ይድገሙልኝ» አለ ወልደየስ፣ ወንበሩንም ይበልጥ አስጠጋ።